ጥቅልሉ አይዘምርም

ባለፈው ዓመት በአንድ ቤተ ክርስቲያን የወጣቶች ልምምድ ላይ እንግዳ ሆኜ ተገኝቼ ነበር። አንዲት ልጅ ከቦርሳ ማንዶሊን አወጣች፤ ቡናማ፣ ጌጥ የሌለው፣ ደረቱ ላይ አንድ ሞላላ ቀዳዳ ያለው፣ ለሁለት የተሰነጠቀ አቮካዶ የሚመስል። ገና ቃኝታ ሳትጨርስ ጊታር የያዘው ልጅ ቀና ብሎ፣ “እሱ እኮ የጀማሪ ነው፤ ዋናው ባለ ጥቅልሉ ነው” አላት። ክፋት አልነበረበትም፤ የሰማውን ነው የደገመው። ልጅቷም አልተቀየመችም። “አውቃለሁ፣ ለእሱ እያጠራቀምኩ ነው” ብላ ማንዶሊኗን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገችው። ሰው እንዳያየው የምትሸፍነው ይመስል ነበር።

ያን ቀን እንግዳ ስለ ነበርኩ አፌን ያዝኩ። ዛሬ አዘጋጆቹ ገጽ ሰጥተውኛልና እናገራለሁ። ጊታር የያዘው ወንድሜ ይህን ካነበበ ይቅር ይበለኝ፤ ጠቤ ከእሱ ጋር አይደለም፣ ከአባባሉ ጋር ነው። “የጀማሪ” እና “ዋናው” የሚለው ክፍፍል ከጆሮ የመጣ አይደለም፤ ከዓይን የመጣ ነው። ዓይን በድምፅ ጉዳይ ዳኛ ሆኖ ሲቀመጥ ደግሞ አስቀድሞ የሚፈረድበት ኪሱ ባዶ የሆነው ወጣት ነው።

ማንዶሊንን በቅርብ ለማታውቁት ጥቂት ልበል። ስምንት ክሮች አሉት፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ አራት ጥንድ ይሆናሉ። ቅኝቱ ከቫዮሊን ጋር አንድ ነው፦ ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ። በፒክ ይመታል፤ ድምፁ ቶሎ ስለሚጠፋ ረዘም ያለ ኖታ ሲፈለግ ፒኩን በፍጥነት ወደ ላይና ወደ ታች እያመላለሱ ያርገበግቡታል። በሀገራችን ማንዶሊን ሲነሳ አየለ ማሞ ይነሳል፤ ወላጆቻችሁን ብትጠይቁ ጣቶቹን ያስታውሳሉ። (ዓለማዊ ነው ብላችሁ አትቆጡኝ፤ እያወራሁ ያለሁት ስለ እንጨትና ስለ ክር ነው።) እኔ በምኖርበት በአሜሪካ ግን ማንዶሊን ሁለት መልክ አለው፤ ክርክሩም የሚነሳው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው። አንደኛው “ኤ” የሚባለው ልሙጡ፣ የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያለው ነው። ሌላው “ኤፍ” የሚባለው ነው፤ ትከሻው ላይ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የተጠቀለለ እንጨት፣ ጎኑ ላይ የሾሉ ጫፎች፣ ጭንቅላቱም ላይ ሌላ መጠቅለያ አለው። ያማረ ነው። አላማረም የሚለኝን ሰው አላምነውም፤ እኔም ስንት ጊዜ በሱቅ መስታወት ላይ አፍንጫዬን ለጥፌ አይቼዋለሁ።

ሁለቱም የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ የነበረው ማንዶሊን በአብዛኛው የጣሊያኑ፣ በተለይም የኔፕልሱ ዓይነት ነበር፤ ጀርባው ከቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች እንደ ጎድጓዳ ሳህን ተገጣጥሞ የሚሠራ። አሜሪካኖቹ በጀርባው መስመሮች ምክንያት “የድንች ጥንዚዛ” እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ከእነዚያ ውስጥ ደረታቸው በዛጎል ፈርጥና በኤሊ ድንጋይ የተሸለመ ስለ ነበሩ፣ ያጌጠ ማንዶሊን የሚባለው ነገር የተጀመረው በኤፍ አይደለም። በሚሺጋን ግዛት፣ ካላማዙ በምትባል ከተማ ይኖር የነበረ ኦርቪል ጊብሰን የተባለ ሰው ሌላ ሐሳብ መጣለት። ቫዮሊን ደረቱና ጀርባው ከወፍራም እንጨት እየተቀረጸ ጎበጥ ብሎ ይሠራል፤ ማንዶሊንስ ለምን እንደዚያ አይሠራም? በ1898 የፈጠራ መብት አገኘ፤ በ1902 በስሙ የተጠራው ኩባንያ ተቋቋመ። ልሙጡም ባለ ጥቅልሉም የተወለዱት ከዚህ አንድ ሐሳብ ነው። ትልቁ ፈጠራ የተቀረጸው ደረት ነበር፤ እሱን ደግሞ ሁለቱም እኩል ወርሰውታል።

ኩባንያው ነጋዴ ነበርና ደረጃ አወጣ። በየከተማው የሙዚቃ መምህራንን ወኪል እያደረገ፣ በየወሩ በሚከፈል ክፍያ ጭምር ይሸጥ ነበር፤ ለዚህ ደግሞ ካታሎግ ያስፈልጋል፣ ካታሎግ ደግሞ ከታች እስከ ላይ መሰላል ይፈልጋል። ልሙጡ ራሱ ኤ፣ ኤ-1፣ ኤ-2፣ ኤ-3፣ ኤ-4 እየተባለ ይወጣ ነበር። ቁጥሩ ሲጨምር በዋናነት የሚጨምረው ጌጡ ነው፦ በጠርዙ ዙሪያ ተጨማሪ ነጭ መስመር፣ በቀዳዳው ዙሪያ ተጨማሪ ቀለበት፣ በጭንቅላቱ ላይ ፈርጥ። የኤፎቹ ቦታ ከሁሉ በላይ ነበር። እንግዲህ “የጀማሪ” የሚለውን ቃል መጀመሪያ የጻፈው ሙዚቀኛ ሳይሆን ዋጋ አውጪ ነው ብል አልተጋነነም። ሻጩ ሰው ከታችኛው ደረጃ ወደ ላይኛው እንዲመኝ ይፈልጋል፤ አልፈርድበትም፣ ሥራው ነው። የሚያሳዝነኝ እኛ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ያውም በጸሎት ቤት አዳራሽ ውስጥ፣ ያለ ደመወዝ ያንኑ መሰላል ተሸክመን መዞራችን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር ልግባ። ሰዎች የሚሉኝ ይህን ነው፦ “ኤፉ እኮ በእርግጥ ይለያል፤ ሰምቼዋለሁ፤ ሹል ነው፣ ከባንድ ውስጥ ወጥቶ ይሰማል። ኤው ግን ለስለስ ያለ፣ ክብ ያለ ነው።” ሰምታችኋል፤ ትክክል ነው የሰማችሁት። የተሳሳታችሁት ምክንያቱን ነው።

በ1919 ሎይድ ሎር የሚባል ሙዚቀኛም የድምፅ ባለሙያም የሆነ ሰው ጊብሰን ገባ። በ1922 ኤፍ-5 የሚባለው ማንዶሊን ወጣ፤ ዋጋው 250 ዶላር ነበር፣ ለዚያ ዘመን ብዙ ገንዘብ። በዚህ ማንዶሊን ላይ የተለወጠውን ልብ በሉ። ሞላላው ቀዳዳ ቀርቶ እንደ ቫዮሊን የኤፍ ፊደል ቅርጽ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች ገቡ። አንገቱ ከገላው ይበልጥ እንዲወጣ ተደረገ፤ ስለዚህ ክሮቹን ተሸክሞ የሚቆመው ብሪጅ ወደ ደረቱ መካከል መጣ። ከደረቱ ሥር፣ በውስጥ በኩል፣ ርዝመቱን ተከትለው ሁለት ዘንጎች ተለጠፉ። እነዚህ ሁሉ ድምፅን ይለውጣሉ፤ ለውጠዋልም። ጥቅልሉስ? ጥቅልሉ ከሎር በፊትም ነበረ። ሞላላ ቀዳዳ ያላቸው የቆዩ ኤፎች ዛሬም አሉ፤ ድምፃቸውን ብትሰሙ ሞላላ ቀዳዳ ላለው ልሙጥ ማንዶሊን የቅርብ ዘመድ መሆናቸውን ያለ ምስክር ታውቃላችሁ።

እንግዲህ ግራ መጋባቱ ከዚህ ይጀምራል። ለረጅም ጊዜ በገበያ ላይ የነበረው ኤ በብዛት ባለ ሞላላ ቀዳዳ፣ ተፈላጊው ኤፍ ደግሞ ባለ ሁለት ቀዳዳ ነበር። ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ሰምቶ ልዩነቱን ለሚያየው ነገር፣ ለጥቅልሉ ሰጠው። ዶሮ ሲጮኽ ጎህ ስለሚቀድ ዶሮው ነው ያነጋው እንደ ማለት ነው። የዚህ ምስክር የሚሆን አንድ ዕቃ አለ። ሎር በ1923 የፈረመበት አንድ ኤ-5 ይታወቃል፤ ፊርማው ያለበት ሌላ ኤ-5 አልታወቀም። ያው ቀዳዳ፣ ያው አንገት፣ ያው የውስጥ አሠራር፣ ጥቅልል ግን የለውም። ዛሬ በእጃቸው የሚሠሩ ስመ ጥር ባለሙያዎች ይህንኑ ንድፍ እየተከተሉ ልሙጥ ማንዶሊን ይሠራሉ፤ ከዚያው እንጨት፣ በዚያው እጅ። ስለዚህ ሹሉን ድምፅ የሚወድ ሰው ባለ ሁለት ቀዳዳውን ልሙጥ ይግዛ፤ ለስላሳውን የሚወድ ባለ ሞላላውን ይግዛ። ለሁለቱም ምኞት ጥቅልል አያስፈልግም።

የማንዶሊን ድምፅ ከየት እንደሚወጣ ማወቅ አስቸጋሪ አይደለም። ክሩ ብቻውን ምንም አይደለም፤ በሁለት ችንካር መካከል ወጥራችሁ ብትመቱት ትንኝ ነው የሚመስለው። ክሩ ብሪጁን ይነቀንቃል፣ ብሪጁ ደረቱን ይነቀንቃል፣ ደረቱ በሆዱ ውስጥ ያለውን አየር ያንቀሳቅሳል። ደረቱ ብዙውን ጊዜ ስፕሩስ ከሚባል፣ ቀላልና ጠንካራ ከሆነ የጥድ ዘመድ ይቀረጻል፤ ጀርባውና ጎኑ ከሜፕል። ጥሩ ሠራተኛ ደረቱን በሚሊሜትር ክፋይ እየለካ፣ በጣቱ አንኳኩቶ እያዳመጠ፣ መሐሉን ወፈር ጠርዙን ሳሳ እያደረገ ይፍቀዋል። ጥበቡ ያለው እዚያ ነው። ጥቅልሉ ያለው የት ነው? ከአንገቱ ሥር፣ ገላውና አንገቱ በሚጋጠሙበት ወፍራም እንጨት አጠገብ፣ ከሁሉ ይልቅ የማይንቀጠቀጠው ቦታ ላይ። በዛሬዎቹ ኤፎች ብዙውን ጊዜ ውስጡ ድፍን እንጨት ነው። ያልተሟሸ ምጣድ ላይ ያማረ አክንባሎ ቢደፉበት እንጀራው ዓይን አያወጣም።

ይህን ድፍን እንጨት ለማስዋብ የሚወጣው ጉልበት ግን ቀላል አይደለም። ጥቅልሉን መቅረጽ፣ ጠባቡን መታጠፊያ ማለስለስ፣ በጠርዙ የሚዞረውን ቀጭን መስመር ሳይሰበር ማጠማዘዝ፣ በየሹሉ ጫፍ ላይ ማገናኘት፣ ቀለሙን በዚያ ሁሉ ጎድጓዳ ውስጥ እኩል ማዳረስ፤ ይህ የብዙ ሰዓት የእጅ ሥራ ነው። ለዚህ ነው አንድ ሠራተኛ ከሚሠራቸው ከሁለቱ ዓይነቶች መካከል ኤፉ ከኤው በሺህ ዶላርና ከዚያም በላይ ሲበልጥ የምናየው። ገንዘቡ ተሰርቆ አይደለም፤ በላብ የተገኘ ነው። ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው፦ ያንን ላብ የሚከፍለው ማነው? ታዋቂ ሙዚቀኛ ቢከፍል ምን ገዶኝ። የሚከፍለው ሌሊት ሌሊት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያወጣና ሲያወርድ የሚያድር የኮሌጅ ተማሪ ሲሆን ግን ዝም አልልም።

በርካሹ ገበያ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እኔ ራሴ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የገዛሁት ማንዶሊን 300 ዶላር ገደማ ነበር፤ ጥቅልል ነበረው፣ ጭንቅላቱ ላይ አበባ ነበረው፣ ፊታችሁን ታዩበት ነበር፣ እንደዚያ ያበራ ነበር። ቤት አምጥቼ ሶፋ ላይ አስደግፌ ለብቻዬ ተቀምጬ ሳየው አመሸሁ፤ እውነቴን ነው። ሲመታ ግን በብርድ ልብስ ተሸፍኖ የሚጮኽ ይመስል ነበር። መቃኛዎቹ አይይዙም፤ አንድ መዝሙር ሳያልቅ ክሩ ይወርዳል። ወደ አንድ ሽማግሌ ጠጋኝ ወሰድኩት። ሰውዬው ደረቱን በጣቱ አጥንት ቆርቆር አደረገና፣ በሞላላው ብርሃን ወደ ውስጥ እያየ፣ ደረቱ የተቀረጸ ሳይሆን ተለጣጥፎ በማተሚያ የተጎበጠ ጣውላ መሆኑን ነገረኝ። “በ300 ዶላር ጥቅልል ከሠሩልህ ሌላውን በምን ሊሠሩልህ ነበር?” አለኝ። ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለስኩለትም። ከዚያ ከግድግዳው ላይ ቫርኒሹ የተሰነጣጠቀ አንድ አሮጌ ልሙጥ አውርዶ ሰጠኝ። የጂውን ክር አንድ ጊዜ መታሁት። ደረቴ ላይ ተሰማኝ።

በዚያው ዋጋ ልሙጡን የሚሠራ ፋብሪካ ጥቅልል ላይ የሚያጠፋው ገንዘብ ስለ ሌለ፣ ከአንድ ወጥ እንጨት የተቀረጸ ደረትና የሚይዝ መቃኛ የማግኘት ዕድላችሁ በጣም ይሰፋል። ልትገዙ ስትሄዱ ከዓይናችሁ በፊት ጣታችሁን አስቀድሙ፤ ክሩ ከአንገቱ ላይ ርቆ ቆሞ ጣት የሚቆርጥ ከሆነ፣ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ስትጫኑት ባዶውን ክር በትክክል በአንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ የማይሰጣችሁ ከሆነ፣ አበባው አይረዳችሁም። (ሁለተኛው ችግር ብዙ ጊዜ ብሪጁን በመግፋት ብቻ ይስተካከላል፤ በዚህ ተደናግጣችሁ ጥሩ ዕቃ ጥላችሁ እንዳትሄዱ።)

“ቢል ሞንሮስ?” ትሉኛላችሁ። እጠብቀው ነበር። ብሉግራስ የሚባለውን የሙዚቃ ዓይነት የመሠረተው ቢል ሞንሮ ኤፍ-5 ነበር የሚጫወተው፤ በሐምሌ 1923 ሎር የፈረመበት። የብሉግራስ ማንዶሊን ተጫዋቾች ሁሉ ለማለት ይቻላል ባለ ጥቅልሉን የሚፈልጉት ሞንሮን ስለሚፈልጉ ነው። እስቲ ታሪኩን እስከ ጫፉ እንስማው። ሞንሮ በ1911 ኬንታኪ ውስጥ ሲወለድ የብዙ ልጆች ታናሽ ነበር። ማንዶሊን የደረሰው መርጦት ሳይሆን ታላላቆቹ ቫዮሊኑንና ጊታሩን ስለ ወሰዱበት ነው። ያውም ድምፁ እንዳይበዛባቸው ከስምንቱ ክር አራቱን ብቻ አድርጎ እንዲጫወት እንዳደረጉት ይነገራል። ያ ጣት የተሠራው በአራት ክር ነው። ኤፍ-5ን ያገኘው ከ30 ዓመቱ በኋላ፣ በሬዲዮ ታውቆና ባንዱን መርቶ ከታየ በኋላ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ፀጉር ቤት ተሰቅሎ አግኝቶ በ150 ዶላር ነው የገዛው ይባላል። አዎ፣ ከዚያ በፊት የያዘውም ባለ ጥቅልል ነበር፤ አልደብቅም። ዕውቀቱ ግን ከዕቃው ቀድሞ እንደ መጣ ማንም አይክድም።

ቀጥሎ ያለው ለእኔ ከሁሉ ይበልጥብኛል። ሞንሮ ማንዶሊኑን ለጥገና ወደ ሠራው ኩባንያ ልኮ ሲመለስለት አልተደሰተም። ተናደደና በኪስ ቢላዋ ከጭንቅላቱ ላይ “ጊብሰን” የሚለውን የዛጎል ስም ፍቆ አወጣው። ለብዙ ዓመታት በትልልቅ መድረኮች ላይ የቆመው ስሙ የተቦጨቀ፣ ቫርኒሹ የተላላጠ ማንዶሊን ይዞ ነው። የዓለም ሕዝብ ያን ድምፅ ሰምቶ አበደ፤ ከዚያም ሄዶ የሚያበራ፣ ባለ አበባ፣ ስሙ ያልተቦጨቀ ገዛ። በ1985 ደግሞ አንድ ሰው ቤቱ ገብቶ ያን ማንዶሊን ሰባበረው። ስንጥሩ አንድ በአንድ ተለቅሞ ተጣበቀና እንደ ገና ተጫወተበት። ከስብርባሪ ተጣብቆ ስለ ተነሣ ዕቃ መልክ ማን ሊያወራ ይችላል? የተሰበረው እንደ ተሰበረ ሆኖ ድምፁ ተመለሰ፤ ሰውም የናፈቀው ድምፁን ነበር።

ልሙጡን ይዘው አንቱ የተባሉም አሉ። ቲም ኦብራየን ለብዙ ዓመታት የታወቀው ጥቅልል በሌለው ማንዶሊን ነው። አንዲ ስታትማን፣ ክላሪኔትም ማንዶሊንም የሚጫወተው ሰው፣ በ1920ዎቹ የተሠራ ልሙጥ ጊብሰን ይዞ ነው የሚቀመጠው። “የጀማሪ ነው” ብሎ ፊት ለፊት የሚነግራቸው ሰው ካለ እኔም ልይ።

ፍትሐዊ ልሁን። ጥቅልሉ አንድ ጥቅም አለው፤ ማሰሪያ ይሰቀልበታል። ሹሉ ጫፍ ደግሞ ተቀምጦ ሲጫወቱ ጭን ላይ ያርፋል። ልሙጡ ላይ ማሰሪያውን ከጭንቅላቱ ሥር ወይም ከአንገቱ ተረከዝ ላይ ማሰር ይቻላል፤ መንጠቆው ሁለት ዶላር ነው። ሌላው፣ ኤፍ መልሳችሁ ስትሸጡት ጥሩ ያወጣል። ይህም እውነት ነው፤ ሲገዛም አውጥቷል።

ከሁሉ ጠንካራው ተቃውሞ የመጣልኝ ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድናችን ነው። አንዷ እህት፣ “ባስልኤልን ማን ጠራው? ወርቁንና ብሩን፣ ፈርጡንና እንጨቱን እንዲቀርጽ ጥበብ የሰጠው እግዚአብሔር አይደለም ወይ? አንተ ውበትን ትጠላለህ?” አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ደነገጥኩ። አልጠላም። ጥቅልል የሚቀርጸው ሠራተኛ እጁ የተባረከ ነው፤ ስትራዲቫሪም ጥቂት ያጌጡ ቫዮሊኖች ሠርቷል፣ ያማሩ ናቸው። ይሁን እንጂ ባስልኤል ያጌጠው ድንኳኑን ነው፤ ድንኳኑ የሌለውን ሰው ዝቅ ብሎ እንዲታይ አላደረገም። የሚያናድደኝ ጌጡ ሳይሆን ጌጡ የሚናገረው ውሸት ነው። ደግሞስ ልሙጡ ውበት የለውም ያለው ማነው? የስፕሩሱ ቀጥ ያለ መስመር ከላይ እስከ ታች ምንም ሳይጋርደው ሲወርድ፣ ከመሐል ወደ ጠርዝ ከማር ወደ ቡና የሚጠቁረው ቀለም፣ አንዲት ጠብታ የምትመስል ገላ። ማሲንቆ አራት ማዕዘን ሳጥን፣ ቆዳና የፈረስ ጭራ ነው፤ ማሲንቆን “የጀማሪ” ያለ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

አሁንም የማያምነኝ ካለ በሚቀጥለው ልምምድ ላይ ይፈትነው። በተቀራራቢ ዋጋ ሁለቱን ዓይነት አምጡ፤ ሁለቱም ባለ ሁለት ቀዳዳ ወይም ሁለቱም ባለ ሞላላ ይሁኑ፣ አለዚያ ያው ስህተት ውስጥ ትገባላችሁ። አዲስ ክር ይሁንላቸው። ፒኩም አንድ፣ ተጫዋቹም አንድ፣ መዝሙሩም አንድ። ሌሎቻችሁ ፊታችሁን ወደ ግድግዳ አዙሩና የትኛው ባለ ጥቅልል እንደሆነ በወረቀት ጻፉ። ውጤቱን አልተነብይም። እኔ ግን ይህን ካደረግሁ ወዲህ አፌን መቆጣጠር ተምሬአለሁ።

አፌን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። መጀመሪያ ላይ ስለ ጊታሩ ልጅ ስጽፍ ያስቀረሁት ነገር አለ፤ “የጀማሪ ነው” የሚለው ቃል የራሴ ነበር። የመዝሙር ቡድን መሪ በነበርኩበት ጊዜ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ከዕቃ ማራገፊያ ገበያ በርካሽ የገዛውን ልሙጥ ማንዶሊን ይዞ መጣ። እሑድ ከቡድኑ ጋር ልጫወት ብሎ ለመነኝ። እኔ ያን የሚያበራ ኤፌን አቅፌ፣ “አሁን ተለማመድበት፤ ዋናውን ስትገዛ መድረክ ላይ ትወጣለህ” አልኩት። ትሕትና ያስተማርኩት መስሎኝ ነበር። ልጁ አላጉረመረመም። ማጠራቀም ጀመረ። ላም አለኝ በሰማይ ሆነና፣ ገንዘቡ ሲሞላ ለቤት ኪራይ ወጣ፤ እንደ ገና ሲሞላ መኪናው ተበላሸ። በመካከሉ ልሙጡን ማንዶሊን ለአንድ ዘመዱ ሰጠው፤ “የጀማሪ ነውና” ብሎ። ሦስት ዓመት አለፈ። መጫወቱን ተወው። ቡድናችን ደግሞ በእነዚያ ሦስት ዓመታት ማንዶሊን የያዘ ሰው አጥቶ ነበር፤ የእኔ ኤፍ መቃኛው አልይዝ ብሎኝ ሳጥን ውስጥ ከገባ ቆይቷልና።

ያ ልጅ ዛሬ አግብቷል፣ ሁለት ልጆች አሉት፣ በሌላ ከተማ ይኖራል። የልምምዱ ቀን ማታ፣ ልጅቷ ማንዶሊኗን ስትሸፍን ካየሁ በኋላ፣ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሳምንቱ ሽማግሌው ጠጋኝ ዘንድ ሄጄ ያን ግድግዳ ላይ የነበረውን ገዛሁት። ጀርባው ላይ ረጅም ጭረት አለበት፤ ከአንድ ቦታ ጥርሱን ነክሶት የሄደ የቁልፍ ምልክት ይመስላል። ከዚያ ደወልኩለት። ያልኩትን ያስታውስ እንደሆነ ጠየቅሁት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ።

“ጋሼ፣ እሱን ረስቼዋለሁ” አለኝ። እንዳልረሳው ከድምፁ አወቅሁ። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ስለ ማንዶሊኑም ነገርኩት።

“ጥቅልል አለው?” አለኝ።

“የለውም።”

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ሊመጣ ነው፤ ትልቁን ልጁን ይዞ። ሁለቱ የኢ ክሮች ዝገዋልና ከዚያ በፊት መቀየር አለብኝ።